የታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንደገና ሲለማ፦ እርሳስ ከመነሳቱ በፊት ምን ይቅደም?

ንድፍ_በእርሳስ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

አርክቴክት ነኝ። የምሠራበት ቢሮ የአንድ አሮጌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሪ ዕቅድ እንዲያወጣ ተመርጧል። ሥራው ገና ስላልጸደቀ የት እንደሆነ አልናገርም። 14 ሕንፃዎች አሉ። አምስቱ ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። የቀሩት በየዘመኑ ጣል ጣል የተደረጉ ናቸው። አብዛኛው ትምህርት ወደ አዲሱ ግቢ ሄዷል፤ እዚህ የቀሩት ሁለት ፋኩልቲዎች፣ ቤተ መጻሕፍቱና ጥቂት ቢሮዎች ናቸው።

ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሐሳብ አለ። አንዱ ዳር ዳሩን ሸጦ በሚገኘው ገንዘብ መሃሉን ማደስ ነው። ሁለተኛው የአሮጌዎቹን የፊት ግድግዳ ብቻ አስቀርቶ ከጀርባው ረጃጅም ሕንፃ ማቆም። ሦስተኛው ሁሉንም ሙዚየም ማድረግ። አለቃዬ "በስድስት ሳምንት ስዕል አምጪ" ብሎኛል። ትናንት ማታ ሁለተኛውን ሞከርኩት። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። ሆቴል ነው የሚመስለው።

እናንተ ብትሆኑ በምን ትጀምራላችሁ?


የጣሪያ_ሰው

ልጄ፣ በአሸንዳው ጀምሪ።

ቀልድ እንዳይመስልሽ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሳስጠግን ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስንት መሪ ዕቅድ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ባለ ቀለሙ ስዕል በመስታወት ተከፍኖ ይሰቀላል። ከስዕሉ በላይ ጣሪያው ያፈሳል።

ዝናብ ሲጥል ዣንጥላ ይዘሽ ግቢው መሃል ቁሚ። ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ተከተይው። አሸንዳ በተሰበረበት ቦታ ግድግዳው ወደ አረንጓዴ ያደላል። እዚያ ጋ ልስኑን በጣትሽ አንጓ አንኳኪው። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቢና ያንኑ ቦታ ከውስጥ ፈልጊው። ወለሉን የተሸከመው እንጨት ጫፉ የሚቀበረው እዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው። ጫፉ ከበሰበሰ፣ አንቺ "መሰብሰቢያ አዳራሽ" ብለሽ የሳልሽው ክፍል ወለል የለውም ማለት ነው።

አንድ የሠራሁበት ቦታ (ስሙ ይቅር) እርጥበት የበላውን ግድግዳ በሲሚንቶ እንድናለስነው ታዘዝን። አምሮ ተመረቀ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ልስኑ ከነድንጋዩ ቅርፊት ወረደ። አዛዡ በዚያን ጊዜ ተሹሞ ሌላ ቦታ ነበር።


ኖራ_እና_ድንጋይ

ጋሼ ያሉት መቶ በመቶ ትክክል ነው። ለምን እንደሆነ ልጨምር።

የድሮ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል። ውሃ ቢገባበት በመጋጠሚያው በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ አያስተነፍስም። ስለዚህ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ግድግዳው ከውጭ ደረቅ እየመሰለ ከውስጥ ይሞታል።

ሁለተኛውን ሐሳብ በተመለከተ፣ ሆቴል መምሰሉ አይግረምሽ። የድሮዎቹ ክፍሎች ጣሪያቸው ረጅም ነው፤ ሁለት ፎቅ የነበረው ቦታ ላይ አዲሱ ሕንፃ ሦስት ወይም አራት ወለል ይጨምቅበታል። ውጤቱን ለማየት ማታ መብራት ሲበራ መንገድ ላይ መቆም ነው። በዚያ በሚያምረው ቅስት መስኮት ወገብ ላይ የኮንክሪት ወለል አቋርጦ ያልፋል። የፊት ግድግዳ ብቻ ማስቀረት ማለት የሰውን ፊት ገፎ ሌላ ሰው ላይ መለጠፍ ነው። ይቅርታ፣ ምሳሌው ይዘገንናል፣ ግን ሌላ አልመጣልኝም።

ሌላው፣ ግድግዳ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቂ "ይፍረስ" አትበይ። አሜሪካ ያለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮቱንዳ የሚባለው ጉልላታም ሕንፃ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን የነደፈው ነው። በ1895 ተቃጥሏል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ተሠርቶ ሁለቴ መልኩ ተለውጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) "ከዚህ በኋላ የማናውቀው ምን ይኖራል?" ያሰኛል። ግን በቅርቡ እድሳት ጊዜ፣ በ2015፣ በታችኛው ወለል ግድግዳ ውስጥ ተደፍኖ የቆየ የኬሚስትሪ ማስተማሪያ ምድጃ ተገኘ። ከ1800ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተደፍኖ ስለነበር እሳቱም አልነካውም። ሁለቱ ትልልቅ እድሳቶችም በአጠገቡ አልፈው አላዩትም።


ቆጣሪው

ሁላችሁም ያላችሁት ደስ ይላል። አንድ ሰው ግን ስለ ገንዘብ ማውራት አለበት፣ ያ ሰው እኔ ልሁን።

ሕንፃ በፍቅር አይቆምም። እህቴ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ ቶሎ አትጣይው። የስኮትላንዱ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ1451 የተመሠረተ ነው። ለዘመናት የኖረበት የሃይ ስትሪት ግቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጭስና በተጨናነቀ መንደር ተከበበ። ምን አደረጉ? ለባቡር ኩባንያ ሸጡት። በ1870 ጊልሞርሂል ወደሚባለው ኮረብታ ወጡ። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ባለ ማማው ሕንፃ ያን ጊዜ የተሠራ ነው። ያኔ "ቅርስ ነው፣ አይሸጥም" ብለው ቢቀመጡ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ታንቆ ይቀር ነበር።


ግቢ_ተመላላሽ

ታሪኩን ጨርሰው እንጂ! የተሸጠው ግቢ ምን ሆነ?


ቆጣሪው

የዕቃ ባቡር ጣቢያ ሆነ።


ግቢ_ተመላላሽ

ሕንፃዎቹስ?


ቆጣሪው

ፈረሱ። እሺ፣ ገባኝ ወዴት እንደምትሄድ :)


መዝገብ_ቤት

እኔ ልጨርሰው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆሙት አደባባዮች ከፈረሱ በኋላ ወደ ኮረብታው ተሸክመው የወሰዱት ሁለት ነገር ነው። አንዱ አንበሳና ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ የተቀረጹበት የድንጋይ ደረጃ ነው። ሌላው ከፊት ለፊቱ ድንጋይ ተለቅሞ እንደገና የተገነባ የበር ቤት። ዛሬም አሉ። ከሙሉ ግቢ አንድ ደረጃና አንድ በር።

የሚገርመው፣ የተረፉት ሁለቱም ሰው የሚረግጣቸው ናቸው። ተማሪ በየቀኑ የሚያልፍባቸው።

ደግሞ መሸጥ ብቻ አይደለም አማራጩ። የስፔኗን ከተማ አልካላ ደ ኤናሬስን ተመልከት። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1499 የመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1836 መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ወደ ማድሪድ አዛወረው። ሕንፃዎቹ በግል እጅ ወደቁ፣ ዕቃ መነቀል ተጀመረ። የከተማው ሰዎች በ1850 ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ፣ አክሲዮን አዋጥተው ሕንፃዎቹን ገዙ። ለትርፍ አልነበረም፤ እንዳይፈርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወደዚያ ከተማ የተመለሰው በ1977 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ጠበቁት ማለት ነው። በ1998 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።


ቆጣሪው

አልካላን አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ስንት ከተማ ነው እንዲህ ያለ ሕዝብ ያለው?

እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ማሳደስ አንድ ጊዜ ነው፣ ማስኬድ ግን የዘላለም ነው። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ያለው አሮጌ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለዚህ ምስክር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ራዘርፎርድ የተማረበት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1970ዎቹ ሙሉ በሙሉ ለቆ ሲወጣ ቦታው ለባለአደራ ተቋም ተሰጠ፤ የጥበብ ማዕከል ሆነ። የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰባበረው። የጨረቃና የከዋክብት መመልከቻ ማማው ተደረመሰ። ትልቅ ኢንሹራንስ ስለነበረው ከሁለት መቶ ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር በላይ ወጥቶበት ድንጋይ በድንጋይ ታደሰ። ሥራው ድንቅ ነው። ከታደሰ በኋላ ግን ለየዕለቱ ማስኬጃ ገንዘብ ከከተማው ምክር ቤት ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር።

ስለዚህ ንድፍ፣ በስዕልሽ ጎን አንድ ሰንጠረዥ አስቀምጪ። እያንዳንዱ ሕንፃ ከታደሰ ከአሥር ዓመት በኋላ አምፖሉን ማን ይቀይራል? ሦስተኛው ሐሳብ፣ ሙዚየሙ፣ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው የሚሞተው። 14 ሕንፃ ሙዚየም የሚጎበኝ ሕዝብ የትም የለም።


ንድፍ_በእርሳስ (ማክሰኞ)

ኧረ አንድ ሌሊት ብተኛ ይህን ሁሉ! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ጋሼ የጣሪያ ሰው፣ ዛሬ ዝናብ አልነበረም፣ ግን ሄጄ አንኳኳሁ። የድሮው አስተዳደር ሕንፃ ሰሜን ጥግ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ባዶ ጣሳ ነው። ዘበኛው ሳንኳኳ አይቶ "ማንን ፈልገሽ ነው?" አለኝ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። የአሮጌዎቹን ሕንፃዎች ልኬት የሚያሳይ ትክክለኛ ንድፍ ማንም የለውም። "ስካን እናስደርግ" ስል ጊዜ የለም ይሉኛል። ያለ ልኬት መቀጠል ይቻላል?


ኖራ_እና_ድንጋይ

አይቻልም። በአጭሩ።

ረዘም ያለው መልስ፦ የሌዘር ስካን (ሕንፃን በብርሃን ጨረር መለካት) ለመላው ግቢ ከሆነ ሳምንታት እንጂ ወራት አይፈጅም። ያለ ልኬት የተሠራ ስዕል ኮንትራክተሩ እጅ ሲገባ ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ ክፍያ፣ ተጨማሪ ክርክር ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ይህንን ለአለቃሽ በገንዘብ ቋንቋ ንገሪው፣ በቅርስ ቋንቋ አይሰማሽም።


መዝገብ_ቤት

ስካኑ የዛሬውን ያሳይሻል። የትናንቱን ደግሞ መዝገብ ቤት ፈልጊ። የድሮ የጥገና ደረሰኝ፣ የዲን ደብዳቤ፣ የምረቃ ፎቶ ጀርባ ላይ ያለ ሕንፃ፣ ሁሉም ይጠቅማል። አንድ ፎቶ ላይ መስኮት ሆኖ የሚታየው ዛሬ ግድግዳ ከሆነ፣ መቼ እንደተደፈነ ማወቅ አለብሽ።

ሙያዬ ስለሆነ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ላስጠንቅቅሽ። እድሳት ሲባል መጻሕፍቱን "ለጊዜው" አንድ ምድር ቤት ማጨቅ ይመጣል። እንዳታደርጉት። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ያለው የድሮው ቤተ መጻሕፍት 65 ሜትር ርዝመት ያለው ረጅም አዳራሽ አለው። ለእድሳቱ ሲዘጋጁ ሕንፃውን ከመንካታቸው በፊት ወደ 200,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ማንሳት ጀመሩ። እያንዳንዱ መጽሐፍ አቧራው ይነሳለታል፣ ይመዘገባል፣ መለያ ይደረግለታል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል። መሪ ዕቅድሽ ላይ "መጻሕፍት ማንሳት" የሚል መስመር ከሌለ፣ ጊዜሽ ከወዲሁ ተሳስቷል።

ደግሞ የማን ታሪክ ነው የምናድሰው? የመሥራቾቹ ሐውልት ሁሌም ይታደሳል። ያ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት የተገነባና የቆመ ነው። ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። መታሰቢያቸው ግቢው ውስጥ ተሠርቶ ያለቀው በ2020 ነው። አንቺም ግቢ ውስጥ ድንጋዩን የጠረቡ፣ ወለሉን ሲወለውሉ የኖሩ ሰዎች የኖሩበት የጀርባ ቤት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ "ጥቅም የሌለው መጋዘን" ተብሎ ቀይ መስመር የሚሰመርበት እሱ ነው።


እሳት_አደጋ_ነበርኩ

አዲስ ነኝ፣ አርክቴክት አይደለሁም፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አሮጌ ሕንፃ ለእሳት በጣም የሚጋለጠው እየታደሰ ሳለ ነው። ብየዳ አለ፣ ቀለም ማቃጠያ አለ፣ ጊዜያዊ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ፣ የእንጨት ርብራብ አለ። የጭስ ጠቋሚው ደግሞ "በአቧራ ምክንያት" ተነቅሏል።

የግላስጎው ነገር ስለተነሳ፣ እዚያው ከተማ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ የነደፈው፣ ከ1897 እስከ 1909 የተገነባ። በሜይ 2014 አንድ ክፍል ውስጥ ከፕሮጀክተር የተነሳ እሳት በድሮ የአየር ማስተላለፊያ ክፍተቶች ሽቅብ ሄደ። ቤተ መጻሕፍቱን በላው። እሳት ማጥፊያው ሥርዓት በመገጠም ላይ ነበር፣ ሥራ አልጀመረም። ዓመታት ፈጅተው ሲያድሱት፣ ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ በጁን 2018 እንደገና ተቃጠለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ምክንያቱ እስካሁን በውል አልተረጋገጠም፣ ማስረጃውን እሳቱ በልቶታል።

በሌላ በኩል ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን አስቢ። በኤፕሪል 2021 ከተራራው የወረደ ሰደድ እሳት የጃገር ንባብ አዳራሽን አወደመ። ጉዳቱ ከባድ ነበር። ግን እሳት ከላካይ በሮቹ በራሳቸው ስለተዘጉ የቀረው የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ተረፈ። ልዩነቱ በር ነው፣ በጊዜ የተዘጋ በር።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ዕቅዱ ላይ በሦስት መስመር ይግባ። የድሮ የአየር ክፍተቶች ሁሉ በካርታ ላይ ይታዩ። ጠቋሚው ከተነቀለ በዚያው ቀን ሰው ይመደብ። ከብየዳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይኑር።


የጣሪያ_ሰው

ወንድሜ፣ አንድ ሰዓት አንሷል። እኛ ሁለት ሰዓት ነበር የምናስጠብቀው፣ ጠባቂውንም እኔ ነበርኩ የምጠብቀው።


እሳት_አደጋ_ነበርኩ

ጋሼ፣ ተሸንፌያለሁ። ሁለት ይሁን።


ግቢ_ተመላላሽ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አምስት ዓመት የድሮ ግቢ ውስጥ ተምሬያለሁ፣ በቃ። ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ሁላችሁም ስለ ሕንፃ ነው የምታወሩት። እኔ ግን የማስታውሰው በሕንፃና ሕንፃ መካከል ያለውን ነው። ከላብራቶሪ ወደ ቤተ መጻሕፍት በሣር ላይ በእግር የተቀደደች ቀጭን መንገድ ነበረች። አስፋልቱ ዞሮ ይሄዳል፣ ሰው ግን በሣሩ ይቆርጣል። ግቢውን ሲያሳምሩት አጥር አበጁበት። ከዚያ በኋላ የሌላ ዲፓርትመንት ሰው አላየሁም ማለት ይቻላል።

ቪየና ሄጄ ያየሁት ደስ ይለኛል። በ1784 የተከፈተው የድሮው አጠቃላይ ሆስፒታል ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ በ1998 የትምህርት ግቢ ሆኗል። ሕንፃዎቹ ምንም ያህል አያብለጨልጩም። ነገሩ አደባባዮቹ ናቸው። እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፣ የከተማው ሰው ልጁን በጋሪ እየገፋ ያቋርጣቸዋል። ተማሪው አንባቢ፣ ጎረቤቱ ተሻጋሪ። ማንም ማንንም አያባርርም።


ኖራ_እና_ድንጋይ

ይሄ ሰው ባለሙያ አይደለሁም ይላል እንጂ ከሁላችንም የተሻለውን ተናገረ። አሜሪካ ያለው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርክቴክቱን ክሪስቶፈር አሌክሳንደርን ያስጠራው ለዚህ ነበር። እሱም ያለቀለት ካርታ አልሰጣቸውም። ግቢው ቀስ በቀስ በትንንሽ ሥራ ይደግ፣ የሚወስኑትም የሚጠቀሙበት ሰዎች ይሁኑ አለ። መሪ ዕቅድ ማለት የሁሉም ሕንፃ የመጨረሻ መልክ መሆን የለበትም። ምን መነካት እንደሌለበት፣ ምን ሊለወጥ እንደሚችልና ውሳኔው እንዴት እንደሚደረግ ቢናገር ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥያቄሽ ላይ ልመንቅር። "በየዘመኑ ጣል ጣል የተደረጉ" ብለሻል። ጥንቃቄ! በቬኔዙዌላ ያለው የካራካስ ዩኒቨርሲቲ ከተማ (ግቢው ማለት ነው) የኮንክሪት ሥራ ነው፣ ካርሎስ ራውል ቪያኑዌቫ የነደፈው። በ2000 ዩኔስኮ መዝገብ ገባ። ጥገና አጥቶ በ2020 የእግረኛ መንገድ ጣሪያው አንዱ ክፍል ተደረመሰ። ዛሬ የናቅሽው የኮንክሪት ሕንፃ ነገ ልጅሽ ልታድነው የምትሟገትለት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ጥቅም አለው፦ የዘመኑ ላብራቶሪ የአየር ቱቦና ከባድ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ንዝረት አይወድም። እሱን ኮንክሪቱ ውስጥ አስገቢው። ለድሮዎቹ ሰሚናር፣ ንባብ፣ የመምህራን ቢሮ ስጪያቸው። ወፍራም ግድግዳና ረጅም ጣሪያ ለዚያ የተፈጠረ ነው።


ቆጣሪው

ከእንግዲህ ምንም የለኝም ብዬ ነበር፣ ግን አንዲት ነገር። ላይፕሲግ፣ ጀርመን። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1409 የተመሠረተ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ተርፎ ቆሞ ነበር። በ1968 የከተማው ምክር ቤት አዲስ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ይሠራ ብሎ እንዲፈርስ ወሰነ፣ የተቃወመው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሜይ 23 ተወሰነ፣ ሜይ 30 በፈንጂ ተነሳ። በሳምንት ውስጥ! ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የአርክቴክቱ የኤሪክ ቫን ኤገራት ሥራ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቅርፅ በመስታወት የሚያስታውስ። ለ600ኛው ዓመት ለ2009 እንዲደርስ ታስቦ በ2017 ተከፈተ። ሳምንት የፈጀውን ማፍረስ ለመካስ ስንት ዓመት እንደፈጀ ቁጠሩ። እኔ ቆጣሪ ስሆን እንኳን ደከመኝ።

ስለዚህ ሽያጩን አልተውኩም፣ ግን አለቃሽ "ስድስት ሳምንት" ሲል ይህንን አስታውሺው።


ንድፍ_በእርሳስ (ዓርብ)

ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ነበርኩ። በጠዋቱ 1 ሰዓት በር ላይ ቆሜ ሰው የሚሄድበትን በወረቀት ላይ በእርሳስ ስሰምር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ስዕሉን ስመለከተው አብዛኛው መስመር አንድ ቦታ ይጠባል። ከድሮው ኬሚስትሪ ሕንፃ ጀርባ አንዲት የብረት በር አለች፣ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ፖስታ አመላላሹ፣ ሁሉም በእሷ ነው የሚሾልከው። የበሩ የድንጋይ ደፍ መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። በነባሩ ዕቅድ ላይ ምን እንደተጻፈባት ታውቃላችሁ? "ይዘጋ።"

ስዕሉን ለአለቃዬ አሳየሁት። ለስካን ሁለት ሳምንት ጨመረልኝ። ሁለተኛውን ሐሳብ ከስላይዱ አወጣነው፣ የማታውን የመስኮት ነገር ሲያይ ራሱ ሳቀ። ሽያጩ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። በምሥራቅ በኩል ያለው የመኪና ማቆሚያ ብቻ ይሸጥ የሚል አማራጭ አስገብተናል፣ ቆጣሪው ይደሰት። ሙዚየሙ አንድ ክፍል ሆኖ ቀርቷል፣ የጀርባው መጋዘን ውስጥ። የእሳቱንም ሦስት መስመር አስገብቻለሁ፣ ከጋሼ ሁለት ሰዓት ጋር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዘበኛው የጥንት የቁልፍ ዘለላ ሰጠኝ፣ ወደ 40 ቁልፍ ይሆናል። ሁሉንም በር አዳረስን። አንድ ቁልፍ ግን የትም አልገባም፣ ረጅም፣ ጥርሱ የተበላ። ማንም አያውቀውም።


የጣሪያ_ሰው

የላይኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ሲያልቅ፣ ከመሰላሉ ጎን ያለችውን አጭር በር ሞክሪ። በብዙ የድሮ ሕንፃ ቁልፏ ለብቻ ነው።


ንድፍ_በእርሳስ (ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ)

ተከፈተ። ጣሪያ ላይ ነኝ።

ጋሼ፣ አሸንዳው ውስጥ ዛፍ በቅሏል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል።